ያልወረደው እጅ

«የቀበሌውን ምርጫ ለሦስተኛ ጊዜ መራዘም የሚቃወም አለ?» ሰብሳቢው መልስ ሳይጠብቅ ወረቀቱን አጠፈ። ከአሶሳ ገበያ የመጡት አሮጊት ማንጎ ሻጭ ግን እጃቸውን አንስተው ነበር።

«እናቴ፣ ያውርዱት። ስብሰባው አልቋል።»

«ወላሂ፣ ካልቆጠርከኝ አላወርድም!» የማንጎ ጭማቂ ያቀለመው እጃቸው ሲዝል ክርናቸውን በግራ እጃቸው ደገፉት።

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። ቃለ ጉባኤውን እንደ ልማዱ ጠዋት ቢሮ ጽፋ ጨርሳ ነው የመጣችው፤ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። እንደገና ቀና ብላ ያልወረደውን እጅ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ «በሙሉ» የሚለውን ሰረዘች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ሰብሳቢው በሹክሹክታ።

አዳራሹ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እየቆጠርኩ ነዋ!» አለችው።