ሽቅብ የፈሰሰው ወንዝ

ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ልጃቸውን ብሩክታይትን ለመጠየቅ እንግሊዝ በገቡ በሳምንቱ፣ እሷ በማለዳ ቀስቅሳ ሰቨርን የሚባል ወንዝ ዳር ወሰደቻቸው። ዳርቻው በሰው ተሞልቷል።

“ምን እየጠበቁ ነው?” አሏት።

“ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ ሊያዩ ነው፣ አባዬ።”

“ወንዝ ሽቅብ አይፈስም። ፍቼ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።”

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከባሕሩ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ማዕበሉ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ወንዙን ወደ ኋላ እየገፋ መጣ። ሳንቃ ላይ የቆሙ ሰዎች እየጮኹ ይጋልቡታል። ብሩክታይት ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በወንዙ ጠባብ አፍ ተጨናንቆ እንደሚገባ፣ ድሮ ባለጀልባዎችም ጭነታቸውን በዚሁ ውሃ እያስገፉ ወደ ላይ ይወስዱ እንደነበር አስረዳቻቸው። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን ሳቁ።

ይኼኔ ከቦርሳዋ አንድ የወየበ የፈተና ወረቀት አወጣች። ስድስተኛ ክፍል እሳቸው ራሳቸው የፈተኗት ነው። “ወንዝ ሽቅብ ሊፈስ ይችላል” ከሚለው ፊት “እውነት” ብላ ጽፋለች፤ በላዩ የእሳቸው ቀይ ኤክስ አለ። በዚያች አንድ ማርክ ነበር አንደኛ መውጣት የቀረባት።

የአባቷ ዓይን እንባ አቀረረ። እስክሪብቶ ተቀብለው ኤክሱን ሰረዙና ራይት አደረጉላት፤ ግንባሯንም ሳሟት።

“ለመሆኑ በዚያ ዕድሜሽ ይህን እንዴት አወቅሽ፣ ልጄ?”

“ሳንቲም ወርውሬ ነው፣ አባዬ።”