የኒንጋፓ ጢንዚዛዎች

ኒንጋፓ ጎንበስ ብሎ የሱፍ አበባውን ቅጠል ገለበጠው። ሽምብራ የሚያህሉ፣ ነጣ ያለ ጀርባቸው በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ ጢንዚዛዎች ተጣብቀውበታል። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል።

«የእርስዎ ልጆች ናቸው፣ ጋሼ» አለች የሟች ወንድሙ ሚስት ጋንጋማ፣ የሳሪዋን ጫፍ ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ። «እኔማ እንግዳ ተቀባይ ነኝ።»

ዝናቡ ሲጀምር ቅንጬ አረምን እንዲበሉ ከባንጋሎር ተመራማሪዎች ተቀብሎ፣ በካርቶን ታቅፎ መንደር ያስገባቸው እሱ ነው። አረሙ ገላውን የበላው ሰው ነበርና ማንም አልከለከለውም። አረሙ ባበበ ቁጥር ፊቱ ያብጣል፤ ክንዱ እየተሰነጠቀ ውሃ ያዣል። ሚስቱ እንኳ ምንጣፏን ለይታ ነበር። ዘንድሮ ግን ጢንዚዛዎቹ አረሙን ሳያብብ ግጠው ግጠው እንጨቱን አስቀሩት። ቆዳው ገጠመ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጁ ሳትፈራ ጉንጩን ዳሰሰችው።

ጥፋቱ የመጣው በበዓሉ ነው። የመንደሩን እናት አምላክ የማራማን ሠረገላ በገመድ የሚጎትቱት ሰዎች ባዶ እግራቸውን ስለሆኑ፣ እንዳያሳክካቸው ተብሎ መንደሩ በሙሉ ወጣና ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቀረውን አረም ከነሥሩ ነቅሎ አቃጠለ። ኒንጋፓም ዳር ቆሞ መረቀ። ማዕድ የተነሳባቸው ጢንዚዛዎች አጠገባቸው ያገኙት የጋንጋማን ማሳ ነበር።

«ምግባቸውን ነቅለንባቸው እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ብንታገሥ፣ አረሙ ሲያቆጠቁጥ ይመለሳሉ።»

«እኔና ልጆቼስ እስከዚያ ምን እንብላ? አረሙን?»

ከማሳው ዳር የቆሙት ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፉ። ቀድመው መክረው ጨርሰዋል፤ መርጫው መርዝ ተሞልቶ ቀርቧል። ዛሬ ይህ ማሳ ይረጫል፣ ነገ መንደሩ ሁሉ፤ አንድ ጢንዚዛ አይተርፍም። መርጫውን ግን ማንም አልነካውም። እሱ እንዲያነሳው እየጠበቁ ነው።

ኒንጋፓ አነሳና አዘለው።

«ፊትዎን ይሸፍኑ እንጂ» አለችው ጋንጋማ፣ ድምፅዋ ለስልሶ።

ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ሰጣትና ፊቱን ሳይሸፍን ወደ ሱፉ ገባ። የመርጫውን እጀታ ከፍ ዝቅ እያደረገ መስመር ለመስመር ሄደ። ከኋላው፣ በረገፈው ቅጠል ላይ፣ ጢንዚዛዎቹ ካፊያ እንደ ጀመረ ሁሉ ጠብ ጠብ ሲሉ ይሰማዋል።