የግራ ዳሌ

ሳንባው አየር እንዲያገኝ፣ በማሽን የሚተነፍስ ሕመምተኛ በሆዱ የሚገለበጠው በአምስት ሰው ነው። ወረርሽኙ በጽኑ ሕሙማን ክፍላችን ያስቀረው አራት ነርስ ብቻ ነው።

«አምስት ካልሞላችሁ አትንኩት! ቱቦው ቢወጣ በእጃችሁ ይሞታል» አሉ ኃላፊያችን በሩ ላይ ቆመው።

አልጋው ላይ የተኛው ሕመምተኛችን፣ የዳቦ ጋጋሪው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ካልነካነውም ዓይናችን እያየ ይሞታል፣ እትዬ። ሰው ሲጨምሩልን ይቆጡናል» አልኩና ጭንቅላቱን ያዝኩ። ትእዛዝ የሚሰጠው ጭንቅላት የያዘ ነው።

«የቀኝ ትከሻ?»

«ይዣለሁ።»

«የቀኝ ዳሌ?»

«ይዣለሁ፤ የኔን ወገብ ማን ይያዝልኝ?»

«የግራ ትከሻ?»

«ይዣለሁ» አለ አጭሬ የምንለው ነርስ፣ በግራ በኩል ብቻውን ቆሞ።

ልማድ ሆኖብኝ ቀጠልኩ፦ «የግራ ዳሌ?»

«ይዣለሁ» አለ የማናውቀው ድምፅ፣ ከአጭሬ ጎን።

እስከ ሦስት ቆጥሬ ገለበጥነው። ቱቦው ንቅንቅ አላለም፤ ኦክስጅኑ ከሰባ ወደ ዘጠና ወጣ። አጭሬ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በክርኑ ዳሰሰ።

«ኧረ ጉድ! ማነው የመለሰው?» አሉ ኃላፊያችን።

«ማንም ይሁን፣ እትዬ፣ ለሥራ መጥቷል። ገና ስድስት የሚገለበጥ ሰው ይጠብቀናል።»

ወደ ባዶው ቦታ ዞርኩ። «እርስዎም፣ ሳይታጠቡ ሌላ ሕመምተኛ እንዳይነኩ።»

ጥግ ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ተከፈተ።