ለአማት ዓይን

ሰውየው የመኪናውን ኋላ በጫማው ጫፍ አመለከተ። በአባቱ ዕድሜ ያለውን የጋራዥ ሠራተኛ አንተ ማለት አልከበደውም።

«ስማ አንተ ሰውዬ፣ ይህን የርካሽ መኪና አርማ አንሣና ይህን የውዱን ለጥፍልኝ። ቀለሙን ትጭርና ዋ!»

አዛውንቱ ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ አሞቀ። ቀጭን ክር ከአርማው ሥር አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ይስበው ጀመር።

«እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ ሰውየው። «ልጅቷ፣ አባቴ ነጋ ጠባ ከመኪና ጋር ነው ብላኛለች። ስንት መኪና ቢኖረው ነው? መቼም እንዲህ ያለው ገንዘብ እንጂ ጭንቅላት የለውም። ልጁን የሚድረው ለአርማ ነው።»

«ይሆናል» አለ አዛውንቱ፣ ቀና ሳይል።

እሑድ ሰውየው ሽማግሌዎቹን አደረሰና ከአጥሩ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቀ። መኪናውንም እንዲያወድሱለት አደራ ብሏቸው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የልጅቷ አባት ብቻውን ወጣ። ነጭ ጋቢ ስለ ለበሰ ሰውየው መጀመሪያ አላወቀውም። አባትየው ወደ መኪናው ኋላ ዞረና አዲሱን አርማ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያም ወደ መስኮቱ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ቀለሙን ሳልጭር ላንሣልህ፣ ልጄ?»