አውራ ዶሮው ፊቱን ያሳየ ዕለት

አውራ ዶሮው የባንክ ሥራውን ከለቀቀ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ግን ዛሬም ክራቫቱን በእጇ አስተካክላ ነው የምትሸኘው።

ክራቫቱ የሚዘልቀው እስከ ልምምድ ቤቱ በር ድረስ ነው። እዚያ ሲደርስ ፈትቶ ኪሱ ይከተውና የአውራ ዶሮ ጭምብሉን ያጠልቃል። ቤት ውስጥ እንደ ባንክ ሠራተኛ ለስለስ አድርጎ የሚያወራው ልጅ ማይክ ሲይዝ ጣሪያ ይሰነጥቃል። የሮክ ባንድ መሪ ድምፃዊ ነዋ!

የባንዱ ሕግ አንድ ነው፤ ፊት አይታይም፣ ስም አይጠራም። ሕጉን ያወጣው ጊታሪስቱ ቀበሮ ነው። የሒሳብ መምህር ስለሆነ ተማሪዎቹ እንዳይስቁበት ፈርቶ። ድራመሩ ጉጉት ደግሞ ማስታወቂያ ዓይቶ «ወሬ አልችልም፣ ድራም ግን እችላለሁ» የሚል ቴክስት ልኮ ነው የገባው። እውነትም ሰፊ ካፖርቱን እንደለበሰ ይመጣል፣ ቤቱን ያናውጠዋል፣ ይሄዳል። ትንፍሽ አይልም።

ሰሞኑን ግን እናቱ ነገር ጀምራለች። ብርድ መታኝ ብላ ጆሮዋን በጥጥ ስለደፈነች ውሸቱን እንኳ ሁለቴ ነው የሚነግራት።

«ዛሬም ታመሻለህ?»

«አዎ እማዬ፣ ሒሳብ መዝጊያ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ? ቀድመህ አትመጣም?»

«አልመጣም።»

«እኔም ጉልበቴን ልታሽ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» ትልና ጠረጴዛውን በማንኪያ ትደበድበዋለች። እሱ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጠርጥራለች ማለት ነው! ሰፈሩን ሁሉ «የባንኩ ልጄ» እያለች ያሰለቸች ሴት፣ ያውም ደም ግፊት ያለባት። ሙሉውን ብትሰማ በድንጋጤ ትሞትብኛለች ብሎ ይርዳል።

ማን ነገራት? ቀበሮ ነዋ! እነሱ ሰፈር ነው የሚያስተምረው።

የስታዲየሙ ኮንሰርት ሊጀመር ሲል አውራ ዶሮው ከመድረክ ጀርባ ቀበሮን አንቆ ያዘው።

«ለእናቴ የነገርካት አንተ ነህ!»

«ኧረ በሕግ! እናትህን የት አውቄ? ያንተንስ ፊት መቼ ዓየሁት?»

ጉጉቱ መሀል ገብቶ ገላገላቸው፤ የሁለቱንም ኮሌታ አቃንቶ ወደ መድረኩ ገፋቸው።

«ከዚህ ባንድ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለው አውራ ዶሮው ጉጉቱን።

ስታዲየሙ ጢም ብሏል። ቀበሮ ጊታሩን በጥርሱ ሊጫወት ምንም አልቀረው፤ ጉጉቱ ድራሙን ያነጉደዋል፤ አውራ ዶሮው ድምፁ ሊሰነጠቅ እስኪደርስ ይጮኻል። እንዴት ደስ ይላል! ሕዝቡ አበደ። «ጭምብሉን አውልቅ! ጭምብሉን አውልቅ!»

ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፋል። እናቱ የሄደችበት ሐኪም ጋ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን አይጠፋም። አውራ ዶሮው ወደ ካሜራው ዞረ። መዋሸቱም፣ መፍራቱም፣ ክራቫቱም ባንዴ ሰለቹት። እንግዲህ ቀበሮ ከሚያሳብቅብኝ ከራሴ ትስማው አለ በሆዱ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ!» ብሎ በማይኩ ጮኸ። ከዚያ መጀመሪያ ለሚያምነው ሰው ፊቱን ሊያሳይ ወደ ድራሙ ዞሮ ጭምብሉን አወለቀ።

ድራሙ ቀጥ አለ።

«ውይ በሞትኩት!» አለ ጉጉቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ባንክ አመሻለሁ አላልከኝም?»