የወይራ አምባ ነጭ ባንዲራ

በዚያ ዘመን መንደሮች ሁሉ ባንዲራቸውን እንዲሰፉ የታዘዙት፣ አጠገቡ ውሸት በተነገረ ቁጥር ቀለሙን ከሚለቅ ጨርቅ ነበር።

የወይራ አምባን ባንዲራ የሰፋችው የሊቀመንበሩ የጓንጉል ሚስት አትጠገብ ናት። በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ አንበሳና ቢጫ ጦር አድርጋ አሳመረችው። ድሮ ከብት የፈጀውን አንበሳ አንድ ጀግና በጦር ገድሎታል ይባላል፤ ጀግናውን «የኛ አያት ነው» የማይል ቤተሰብ ግን የለም። በምርቃቱ ቀን የጓንጉል ዘመዶች «የኛ ነው!» ሲሉ ጦሩ ገረጣ። ጎረቤቶቻቸው «ወግዱ፣ የኛ ነው!» ሲሉ አንበሳው ጠፋ። አንዲት ባልቴት «ኧረ አንበሳው አርጅቶ ነው የሞተው» ስትል ጨርቁ ምንም አልሆነ፤ እሷንም የሰማት የለም። ክርክሩ ሲጦፍ አረንጓዴውም ተከትሎ ሄደ።

አትጠገብ ከትራፊው ጨርቅ ለቤቷ መጋረጃ ሰፍታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓንጉል አንገቱን ደፍቶ ይበላል እንጂ ወጧን አመስግኖላት አያውቅም።

አንድ ቀን ከወረዳ እንግዶች መጥተው ባንዲራውን አዩና፣ «ነጩ ምንን ያመለክታል?» ብለው ጠየቁ።

«በዚህ መንደር ውሸት ተነግሮ እንደማያውቅ ነዋ!» አለ ጓንጉል ደረቱን ነፍቶ።

መንደርተኛው ሁሉ ወደ ባንዲራው አንጋጠጠ። ጨርቁ የሚለቀው ቀለም አልቀረውም። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አትጠገብ ግን ሳታጨበጭብ ወደ ቤቷ ሮጠች። መጋረጃውን አውርዳ በበረኪና ዘፈዘፈችው።

በማግስቱ ነጩን መጋረጃ ሰቅላ ምሳ አቀረበች። ጓንጉል አንዴ ጎረሰና መጋረጃውን ሰረቅ አድርጎ አየ።

«እጅሽ ይባረክ! ምን የመሰለ ወጥ ነው!» አላት።

የአትጠገብ ፊት በራ። ወጡ አሮ ነበር።