የጋራዡ በር ውስጡ

ልጅ ሳለሁ አባቴና እናቴ ሲያወሩ ከሰማሁት ትዝ የሚለኝ ግማሹ ነው።

«የጋራዡ በር ሃርድቦርድ ነው፤ የተጨመቀ እንጨት ውስጡም ካልተቀባ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል» አላት።

«ውስጡን ማን ሊያየው ነው፣ አንተ ሰውዬ?»

«እኔ አየዋለሁ።»

ነፍሱን ይማርና፣ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ተከፍቶ አያውቅም፤ ቁልፉ ከእማዬ ኪስ አይወጣም። እኔ በየዓመቱ የበሩን ውጪ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እቀባለሁ።

ዘንድሮ እማዬ፣ «በሩ ውስጡ ይሄኔ በስብሷል፤ ተነቅሎ ይጣል» አለች። የአባዬ የእጁ ሥራ ነው ብዬ ብለምናትም በጄ አላለችም። ልታስነቅለው ከፈተችው።

ውስጡ እስከ ታችኛው ጠርዝ አቅራቢያ ድረስ ተቀብቷል፤ የቀረው ስንዝር ያህል ነው። የተቀባውን በጣቴ ነካሁት። አልደረቀም።

እማዬ በቀስታ መልሳ ቆለፈችው።

«እሺ፣ አይነቀልም» አለች። «አንተ ውጪውን ቀባ። ውስጡን እሱ ይጨርስ።»